የተረት ውልና የልጆች ግርምት

“ተረት ልጆችን ያስተምራል።” ተማሪዎቻችን በሥነ ቃል ላይ በሚጽፏቸው ጥናቶች መግቢያ ይህ ዐረፍተ ነገር ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዝርዝር ይመጣል፤ ታማኝነትን ያስተምራል፣ ስግብግብነትን ያወግዛል፣ ታላቅን ማክበርን ያለማምዳል ይባላል። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እንቅልፉን እየታገለ አያቱ እግር ሥር የሚቀመጠው ስግብግብነት መጥፎ መሆኑን ለመስማት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ልጅ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጁን የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር በጥናቶቻችን ውስጥ “ያዝናናል” በምትል አንዲት ቃል ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ነገር ከመዝናናት ለይቶ ማየት ነው። ግርምት ብዬዋለሁ። ልጅ ዓለምን ገና ያላለቀች፣ ያልታሰበ ነገር ሊከሠትባት የምትችል አድርጎ የሚያይበት አስተያየት ነው። ይህን አስተያየት ተረት እንዴት እንደሚያቆየው፣ ምንስ እንደሚያቋርጠው ለማሳየት የምሞክረው በተረቶቹ ታሪክ ሳይሆን በአነጋገራቸው፣ ማለትም ተራኪና አድማጭ በሚገቡት ውል በኩል ነው። ምሳሌዎቼ በአመዛኙ የአማርኛ ናቸው፤ ከሌላ አገር ያመጣኋቸው ጥቂቶች የራሳችንን ነገር አጉልተው ስለሚያሳዩ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ጸሐፍት ለልጆች ዓለም ያለ ሥጋት የሚጠቀሙበትን ቃል “አስማት” ብለን ስንመልሰው ነገሩ ይበላሻል። አስማት በግእዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። ስሞቹ ግን በክታብ ተጽፈው የሚታሰሩ፣ በስውር የሚደገሙ በመሆናቸው ቃሉ ልጅን የሚያጫውቱበት ሳይሆን ልጅን የሚደብቁበት ሆኗል። ምትሐት ለዐይን ታይቶ ለእጅ የማይጨበጥ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው በፍርሃት የጮኹበት ቃል ነው። ተአምር ደግሞ ምልክት ነው፤ ባለቤትም አለው፤ የእግዚአብሔር ነው፣ ወይም በእርሱ ፈቃድ የቅዱሳን ነው። ግርምት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ገረመ ከሚለው ግስ የመጣ ስለሆነ ለግርማና ለግሩም ዘመድ ነው። በግእዝ ግሩም የሚባለው የሚያስደንቅ ብቻ ሳይሆን የሚያስፈራም ነው። ዛሬ “ግሩም ምሳ በላን” ስንል ፍርሃቱ ከቃሉ ተንኖ አልቋል። ልጅ ግን አሁንም የሚኖረው በግእዙ ትርጉም ነው፤ የሚያስደንቀው ያስፈራዋል፤ ያስፈራውን ደግሞ እንደገና ማየት ይፈልጋል። ይህን ጥምረት ልብ እንበለው፤ ስለ ጅብ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ተራኪዋ “ተረት ተረት” ትላለች። ልጆቹ “የላም በረት” ብለው ይመልሳሉ፤ “የመሠረት” የሚሉም አሉ። ብዙ ሰብሳቢዎች ይህን ቅብብል እንደ ማሟሻ ይቆጥሩታል። በመድብላቸው መቅድም ላይ አንድ ጊዜ ጠቅሰው ከእያንዳንዱ ተረት ራስ ላይ ይቆርጡታል። እኔ ግን የተረቱ ሥራ ግማሹ በዚህች ቅብብል ውስጥ ያልቃል ባይ ነኝ። ቃሉን እንመልከት። “ተረት” ብቻውን ሲቆም በአማርኛ ወደ ምሳሌ ያደላል። “ተረትና ምሳሌ” ብለን የምንጠራቸው መጻሕፍት የያዙት አጫጭር ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ነው፤ “አበው ሲተርቱ” ብሎ የጀመረ ሽማግሌም ለክርክሩ የሚረዳውን አባባል ሊጠቅስ ነው። ተደግሞ “ተረት ተረት” ሲባል ግን ከሸንጎ ተነሥቶ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። አዋቂ ሰው የማያምነውን ወሬ “ይህማ ተረት ተረት ነው” ብሎ የሚያጣጥለውም በዚህችው ድግም ነው። ስለዚህ ልጁ የተጠራው አዋቂው ወደሚያጣጥለው ስፍራ ነው፤ ጥሪውንም በደስታ ይቀበላል።

መልሱስ? የላም በረት ቤት ከመምታቱ በቀር ከተረት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዋጋውም እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ለልጁ የደረሱት ቃላት ሥራ ያላቸው ናቸው፤ ውኃ አምጣ፣ ጥጃውን መልስ፣ ቁጭ በል። አሁን ግን ቃል በትርጉሙ ሳይሆን በድምፁ ሲመራ ሰማ። ከዚህም በላይ መልሱ የግድ ነው። ልጆቹ ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም፤ በሰነፍ ድምፅ ከመለሱም ብዙ ተራኪዎች እንደገና ያስብሏቸዋል። ስለዚህ ልጁ ከመጀመሪያው ተመልካች ሳይሆን ተዋዋይ ነው። “ከአሁን በኋላ የምትነግሪኝን እውነት ነው ወይ ብዬ አልሞግትሽም” ብሎ ፈርሟል።

ተራኪዋም በበኩሏ ትፈርማለች። “አንድ ሰው ነበረ” ብቻ ብላ አትተወውም፤ “ነበረ አሉ” ትላለች። ያሉት እነማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ የሚጠይቅም የለም። ይህች ሁለት ፊደል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ተራኪዋን ከውሸት ታድናታለች፤ ምስክር ሳትሆን አቀባይ ናትና። ልጁንም ከመታለል ታድነዋለች፤ የሚነገረው ትናንት በጓሮ የሆነ እንዳልሆነ ያውቃል። አንዳንድ ወላጆች ተረት ልጅን ውሸት ያስለምደዋል ብለው ሲሠጉ ይሰማል። ሥጋቱ “አሉ”ን የዘነጋ ነው። መዝጊያውም እንዲሁ የውሉ ክፍል ነው፤ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።” ይህ አባባል ልጁን ከጭራቅ ዋሻ አውጥቶ ወደ ዳቦ ይመልሰዋል። ተረት ብድር መሆኑንም ያስታውቃል፤ የሰማ ሰው በተራው መክፈል አለበት።

በሁለቱ በሮች መካከል የሚሆነውን ለመረዳት የስዊሱ ተመራማሪ ማክስ ሉቲ እ.ኤ.አ. በ1947 በአውሮፓ ተረት ላይ ባሳተመው ጥናት የጠቆመው ነገር ይረዳል። በተረት ውስጥ ያለ ሰው እንስሳ ሲያናግረው አይደነቅም፤ መልስ ይሰጠዋል እንጂ። በእኛም ተረት “እንዴት ጅብ ይናገራል?” ብሎ የሚጠይቅ ገፀ ባሕርይ አላጋጠመኝም። ይህን ከገድልና ከተአምር መጻሕፍት ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በተአምር መጽሐፍ ውስጥ ያዩት ሰዎች ይደነቃሉ፣ ያመሰግናሉ፤ መደነቁ በጽሑፉ ውስጥ ተፈጽሟል፤ አንባቢ የሚጠበቅበት ከእነርሱ ጋር መደነቅ ነው። በተረት ግን ማንም ስላልተደነቀ መደነቁ ያለ ባለቤት ይቀራል። የሚያነሣው ልጁ ነው። ተራኪዋ “የሚገርም ነገር ልንገራችሁ” ብላ ከጀመረች ግርምቱን ከልጁ አፍ ነጠቀችው ማለት ነው።

የውሉን ትርጉም ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን ጅብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሁለት ጅቦች ያውቃል። አንደኛው አያ ጅቦ ነው፤ ሆዳም፣ ቂል፣ በጦጣም በቀበሮም የሚታለል፣ በማያውቁት አገር ሄዶ “ቁርበት አንጥፉልኝ” ያለ። ልጆች እዚህች ላይ የሚስቁት ምክር ስለገባቸው አይደለም፤ እንግዳው የሚነጠፍለትን ነገር ሊበላው መሆኑን ከባለቤቶቹ ቀድመው ስላወቁ ነው። ሁለተኛው ጅብ የማዕረግ ስም የለውም። “ዝም ካላልክ ጅብ ይበላሃል” ሲባል የሚመጣው ነው። በእርግጥ ሦስተኛ፣ በእውን ያለ ጅብም አለ፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ እንኳ ሌሊት ድምፁ ይሰማል፤ በሐረር ደግሞ ሰው በእጁ ሥጋ ስለሚያጎርሰው ለዚያ ከተማ ልጅ ነገሩ ለብቻው የሚጠና ነው። አሁን የምናነጻጽረው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

ሁለቱ ጅቦች የሚለያዩት በጥርሳቸው አይደለም። አያ ጅቦም በተረቱ ውስጥ ይበላል፣ ይገድላልም። ልዩነቱን ለማየት ሰዋስዉ ይበቃል። “አንድ ጅብ ነበረ አሉ” ሦስተኛ መደብ ነው፣ ያለፈ ጊዜ ነው፣ የሰሚ ሰሚ ነው። “ጅብ ይበላሃል” ግን ሁለተኛውን መደብ በግሱ ውስጥ አስገብቶ የሚናገር፣ ወደፊት የሚሆን፣ ተናጋሪው ራሱ የሚያረጋግጠው ነው። “ተረት ተረት” አልተባለበትም፤ ልጁ አልመለሰም፤ አልተዋዋለም። መዝጊያም የለው። ልጁ አልጋው ላይ ብቻውን ሲቀር ያ ጅብ እደጅ ቆሞ ያድራል። በአያ ጅቦ ተረት ፍርሃትና መደነቅ አብረው ስለሚሄዱ ልጁ “ድገሚልኝ” ይላል። በማስፈራሪያው ጅብ ግን ፍርሃቱ ብቻውን ነው፤ “ድገመው” ያለ ልጅም የለም። ተረት ልጅን ያስፈራል ተብሎ የሚቀርበው ክስ ብዙውን ጊዜ መቅረብ የነበረበት በዚህ በሁለተኛው ጅብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልናገር። “ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?” የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት ጥያቄ ከማስፈራሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሰዋስው ጠባይ አለው። ሦስተኛውን መደብ ጥሎ ሁለተኛውን ይይዛል። ጅቡን ትቶ ወደ ልጁ ይዞራል፤ “አንተም ሆዳም ብትሆን” ይላል። ጥያቄውን የሚያወጡ መምህራን ክፉ አስበው አይደለም፤ የሥርዓተ ትምህርቱ ዓላማ ይጠይቃቸዋል። ውሉን ግን ያፈርሳል፤ ልጁ የፈረመው ለጅቡ ታሪክ እንጂ ለራሱ ምርመራ አልነበረም። ምክር ሁሉ ከተረት ይውጣ ማለቴ አይደለም። ከበደ ሚካኤል በ“ታሪክና ምሳሌ” ምክሩን በግልጽ ያስቀምጣሉ፤ ግጥሙ ራሱ በዜማው የሚያስደንቅ ስለሆነ ምክሩን ይሸከመዋል፤ ስለዚህም ትውልድ በቃሉ ይዞታል። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ምክሩን ወስደን ዜማውን መተዋችን ነው።

ቋንቋው ራሱ ለግርምቱ የሚያዋጣው ድርሻ አለ። አያ ለታላቅ ወንድም፣ እመት ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢት ስንል አውሬውን ወደ ዘመድና ወደ ጎረቤት ሥርዓት አስገባነው፤ ልጁ ገና እየተማረው ወዳለው፣ ማንን “አንተ” ማንን “እርስዎ” እንደሚሉ ወደሚያስጨንቀው ሥርዓት። ሌላም አለ። በአማርኛ በሩ ሲጥ ይላል፣ ቅጠሉ ኮሽ ይላል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ልብ ድንግጥ ይላል፤ ድንጋይ እንኳ ዝም ይላል። የሰዋስው ሊቃውንት “አለ” በእነዚህ ቦታዎች የመናገር ትርጉሙን ለቆ ረዳት እንደሆነ ይነግሩናል፤ ልክ ናቸው። ይሁንና ቋንቋውን ገና በሚለምድ ልጅ ጆሮ “በሩ ሲጥ አለ” እና “ጦጢት እንዲህ አለች” የሚለያዩት ትንሽ ነው። ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፉ ልጆች ፀሐይና ጨረቃ እየተከተሉን ይሄዳሉ ብለው እንደሚያስቡ መዝግቧል። በአማርኛ የሚያድግ ልጅ ለዚህ አሳቡ ሰዋስዉም ይተባበረዋል። ፀሐይ እያበራች ሲዘንብ “ጅብ ወለደች” የምንል፣ ቀስተ ደመናን “የማርያም መቀነት” የምንል ሰዎች ነን። መምህሩ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቀስተ ደመና ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ተሰብሮና ተንጸባርቆ ወደ ዐይናችን በ42 ዲግሪ ገደማ ሲመለስ የሚታይ ነው ቢል መቀነቱን አይበጥሰውም። እንዲያውም ጎን ለጎን የቆሙ እናትና ልጅ የሚያዩት የየራሳቸውን ቀስተ ደመና ነው ብሎ ቢጨምር ልጁን ዳግመኛ ያስደንቀዋል። መቀነቱን የሚበጥሰው “የማርያም መቀነት የሚባል ነገር የለም፣ ይህ ኋላቀር አባባል ነው” የሚለው ነው።

ምክር ግርምትን እንዴት እንደሚያጨልም በአንድ ተረት ላይ ረጋ ብለን እንመልከት። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድብል ርእሱን ያገኘው በተራራ ላይ ስላለ እሳት ከሚያወሳው ተረት ነው። አርሃ የሚባል አሽከር አንድን ብርዳም ሌሊት ያለ ልብስና ያለ እሳት በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ቢያድር መሬትና ከብት ሊሰጠው ጌታው ይወራረደዋል። አርሃ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄዶ ይማከራል። ሽማግሌው “ከሸለቆው ማዶ እሳት አነድልሃለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ እርሱን እያየህ፣ እኔንም እያሰብክ እደር” ይለዋል። አርሃ ማዶ የሚታየውን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው ግን “እሳት አይተሃልና ተሸንፈሃል” ይላል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው ግብር ጠርቶ፣ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ አሽትቶ፣ “እሳት በማየት የሚሞቅ ካለ በማሽተትም ይጠገባል” በሚል ጨዋታ ፍርዱን ያስገለብጣል።

ይህ ተረት ለክፍል ሲቀርብ የሚወጣለት ትምህርት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስለ ፍትሕ ነው፤ ስለ ቃል መጠበቅ ነው። ያ ሁሉ በተረቱ ውስጥ አለ፤ የግብሩ ትዕይንትም ሥሥ ቀልድ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ስናጤነው የፍርዱ ክርክርና የልጁ ግርምት እርስ በርስ ይጣላሉ። አርሃ እንዲረታ፣ ከሩቅ የታየ እሳት አያሞቅም መባል አለበት። ልጁ ግን ከሌሊቱ ትዕይንት የያዘው ተቃራኒውን ነው፤ እሳቱ አሙቆታል። በእጁ ሳይሆን በሌላ በኩል፤ ማዶ አንድ ሰው ለእርሱ ሲል ሳይተኛ እንጨት እየጨመረ እንደሆነ በማወቁ። ተረቱ ሁለቱንም ይዟል፤ የትኛው ልክ እንደሆነ አይናገርም። የማይናገረውም ረስቶ አይደለም። “እሳቱ አሙቆት ነበር ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ተረቱ በትክክል ደርሶታል፤ ጥያቄው መልስ አያስፈልገውም፤ ቢያንስ በዚያች ምሽት። ይህን ተረት “ከዚህ የምንማረው...” ብሎ መዝጋት ማዶ ያለውን እሳት ማጥፋት ነው። ከዚህም ሌላ የምንረዳው ነገር አለ። በዚህ ተረት ውስጥ የሚናገር እንስሳ የለም፣ ጭራቅ የለም፣ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ነገር የለም። ስለዚህ የልጆችን ግርምት ለመጠበቅ የሚበርሩ ፈረሶችን ማብዛት ግዴታ አይደለም።

ውሉ ከተረት ውጭም ይሠራል። “እንቆቅልህ” ሲሉት “ምን አውቅልህ” ያለ ልጅ ካልመለሰ “አገር ስጠኝ” ይባላል። መንደሩን ለቆ የማያውቅ ልጅ ጎንደርን፣ ሐረርን ይሰጣል፤ ዛሬ ዱባይንም አሜሪካንም ሊሰጥ ይችላል። ተቀባዩ ልጅ በተሰጠው አገር ገብቶ ምን እንዳጣ፣ ማለትም ምንም እንዳላጣ፣ ይደረድራል፤ የሸነፈውን ጓደኛውን ይሰድባል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በጥናቶች እንቆቅልሽ “የማሰብ ችሎታን ያዳብራል” ይባላል። ይሁን፤ ግን በጨዋታው እጅግ የሚያስደንቀው አገር መስጠቱ አይመስልምን? ምንም የሌለው ልጅ ከተማ ይሰጣል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ሁለቱም ያምናሉ፤ ሲነጋ ማንም ርስቱን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ “ልጆች ያለ ተረትስ ይህን ከየትም አያመጡትም?” የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ያመጡታል። በሶቭየት ኅብረት በ1920ዎቹ አንዳንድ የሥነ ትምህርት ሰዎች ተረት ልጅን ከእውነታ ያርቃል ብለው ዘምተውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1928 የሌኒን ባለቤት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በፕራቭዳ ጋዜጣ የኮርኔይ ቹኮቭስኪን “አዞ” የተሰኘ የልጆች ግጥም አጥብቃ ነቀፈችው። ቹኮቭስኪ በኋላ “ከሁለት እስከ አምስት” በተሰኘው መጽሐፉ የአንዲት እናት ማስታወሻን ጠቅሶ መልሷል። እናትየዋ ልጇን ከተረት ሁሉ ጠብቃ እውነታን ብቻ ልታስተምረው ቆርጣ ነበር፤ ልጁ ግን በክፍሉ ውስጥ ቀይ ዝሆን እንደሚኖር ይነግራት ጀመር። ምናብ ከውጭ ቢከለከልም ከውስጥ ይበቅላል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ቀይ ዝሆኑ ብቸኛ መሆኑ ነው። “የላም በረት” ብሎ የሚመልስለት ሰው የለውም። ተረት ለልጁ የሚሰጠው ምናቡን ሳይሆን ተዋዋይ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በቴሌቪዥን ላይ ይጣላል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የልጆች ዝግጅት ያቀረቡት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆች ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚሏቸው፣ መስታወቱ የማይሰማ መሆኑን ያላወቁ ይመስሉ ነበር። ሰላምታ ሰጥተው ቆም ይላሉ፤ በየቤቱ ያሉ ልጆች ይመልሳሉ፤ መልሱን የሰሙ ያህል ይቀጥላሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የተረቱ ውል ሳይፈርስ ወደ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው “ፀሐይ መማር ትወዳለች” ከጨርቅ የተሠራች ቀጭኔን ልጅ አድርጎ አቅርቧል፤ ማስተማሩን ባይደብቅም ቀጭኔዋ ለምን እንደምትናገር አለማብራራቱ ጥሩ ዕውቀት ነው። ዛሬ በስልክ የሚተላለፉ ብዙ የአማርኛ ተረቶች ሥዕላቸው ያማረ ነው፤ ድምፃቸው የጠራ ነው፤ የጎደላቸው ያች ቆም ማለት ናት። ልጁ ቢመልስም ባይመልስም ተረቱ ይሮጣል።

ለእኛ ለትምህርት ክፍሉ ሰዎች ከዚህ የሚመጣው ጉዳይ የሰብሳቢነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማርቲኖ ሞሬኖ በፓሪስ ያሳተመው የመቶ የአማርኛ ተረቶች መድብል ለአማርኛ ጥናት ባለውለታ ነው፤ ሆኖም ተረቱ በብዕር የተጻፈ እንደመሆኑ አድማጭ በውስጡ አይታይም። እኛ ግን መቅረጸ ድምፅ በየኪሳችን ይዘን ያንኑ እንደግማለን። ተማሪዎቻችን ከመስክ ይዘው የሚመጡት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በ“ከዕለታት አንድ ቀን” ይጀምራል፤ የልጆቹ ድምፅ “አግባብነት ስለሌለው” ተቆርጧል፤ ተራኪዋም ለተማሪው ብላ ቀን፣ ብቻዋን ተቀምጣ የተናገረች ናት። ከዚያ ጽሑፍ ላይ ተነሥቶ “የተረቱ ፋይዳ ማስተማር ነው” ቢባል አያስደንቅም፤ የቀረው እርሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ በአባሪ የሚቀርበው ተረት ከነመግቢያው፣ ከነመልሱ፣ ልጆች “ከዚያስ?” ብለው ከገቡበት ቦታ ጋር መጻፍ አለበት። ተራኪዋ ድምፅዋን የለወጠችበት፣ ልጅ ወደ ታላቁ የተጠጋበት፣ ሁለት ጊዜ እንድትደግመው የለመኗት ቦታ በቅንፍ ይመልከት። መዝጊያው እንደተባለ ቀረጻውን የማቋረጥ ልማድም ቢቀር ጥሩ ነው፤ ዳቦው እየተቆረሰ ሳለ ከልጆቹ አንዱ “አሁን ያ ጅብ የት ነው ያለው?” ብሎ ይጠይቅ ይሆናልና፣ ተራኪዋ የምትሰጠው መልስም የተረቱ አካል ነው።